ትኩረት መጋራት

አንድ ዓመት ያለፈው ሕፃን በመስኮት አውሮፕላን ያያል። ጣቱን ይቀስራል፤ ወዲያው ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። አውሮፕላኑን አምጪልኝ ማለቱ አይደለም። እሷም እንድታይለት ብቻ ነው የፈለገው።

የልጆች እድገት አጥኚዎች ይህን «ጆይንት አቴንሽን» ይሉታል፦ ሁለት ሰዎች አንድን ነገር አብረው ሲያስተውሉ፣ አብረው እያስተዋሉ መሆኑንም ሁለቱም ሲያውቁት። ማይክል ስኬፍና ጀሮም ብሩነር ሕፃናት የሰው ዐይን ወደዞረበት ዞረው እንደሚያዩ ያሳወቁት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

ቃል በቃል «የጋራ ትኩረት» ሊባል ይችላል። እኔ ግን «ትኩረት መጋራት» እመርጣለሁ፤ ማዕድ እንደ መጋራት ሁሉ ሁለት ሰው የሚያደርገው ነገር ነውና። «ዐይን ለዐይን መተያየት» ብሎ መተርጎም ግን ስህተት ነው። ዐይነ ሥውር ሕፃን እንኳ በእጁና በድምፁ ትኩረት ይጋራል። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች ደግሞ የሰው ዐይን ማየት ይከብዳል፤ በትርጉማችን ምክንያት አገጫቸው ተይዞ «እየኝ!» ሊባሉ አይገባም።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ውሃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጆጉ ሊወስዳት ይችላል። መጠየቅ ያውቅበታል። ለማሳየት ብቻ መጠቆም ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ቋንቋም አብሮት ይጎተታል። እናት «ድመት!» ስትል ልጁ የበሩን ማጠፊያ እያየ ከሆነ ቃሉ የምን ስም እንደሆነ በምን ይወቅ?

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት የጨዋታ ዘዴ ልጁ ከወደደው ነገር ይነሳል። ቆርኪ እያሽከረከረ ነው እንበል። አይቀሙት። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ይቀመጡ፤ እርስዎም አንድ ያሽከርክሩ፤ «ዞረ!» ይበሉና ዝም ብለው ይጠብቁ። ይህ ዝምታ ለወላጅ ከባድ ነው፤ ልጁ ተራውን የሚያገኘው ግን በዚያች ጊዜ ነው። ቀና ካለ፣ ወይም አንድ ቆርኪ ካቀበለዎት፣ ትኩረት ተጋርታችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና እንዲሁ በቤት ውስጥ ጨዋታና የዕለት ሥራ ላይ ያተኩራል።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ ስንት ጊዜ ይባክናል! ልጅዎ ዓመት ተኩል ሞልቶት ለማሳየት ብሎ ጣቱን የማይቀስር ከሆነ፣ እባክዎ አፉን እስኪፈታ አይጠብቁ፤ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።