ለጋሽ ያላመነው ቁጥር፦ ከካራቆሬ መንገድ እስከ ፕሮፖዛል

መጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የለጋሽ አገሮችን ተወካዮች አዲስ አበባ ላይ ሰበሰበ። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ረሃብ እንደተጋረጠበት ነገራቸው። ያስፈልጋል የተባለው እህል 900 ሺህ ቶን ነበር። ኮሚሽኑ የጠየቀው ግን 450 ሺህ ቶን ነው። ወደቡም የጭነት መኪናውም ከዚያ በላይ አይችልም ብሎ ራሱ ልመናውን በግማሽ ቀነሰው። በዚያው ሰሞን ፋኦ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ባለሙያዎች የራሳቸውን ግምት አቀረቡ፦ 125 ሺህ ቶን። ለጋሾቹ የትኛው ቁጥር እንደቀለላቸው መገመት አያቅትም።

ሰባት ወር አለፈ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያዘጋጀው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ ተላለፈ። ጥቂት ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዓለም ቴሌቪዥኖች ተቀባበሉት፤ ሐምሌ 1977 የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተደረገ፤ አውሮፕላኑም መርከቡም መጣ። ለሞቱት ግን ዘግይቶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኛም ለጋሾቹም አንድ ነገር ተምረን ወጣን፦ ቁጥር አያሳምንም፣ የሚያሳምነው የተራበ ሕፃን ፊት ነው። እኔ የተማርነው ነገር የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ስህተቱ ደግሞ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ ከይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከካራቆሬ ተጽፈው ለጋሽ ደጃፍ በሚደርሱ ፕሮፖዛሎች ውስጥ ይነበባል።

የኮሚሽኑ ቁጥር ለምን ወደቀ? ቁጥር ስለሆነ አይደለም። ኮሚሽኑ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም ጥሪ ሲያሰማ ቆይቷል፤ ለጋሾቹም «እነዚህ ሰዎች ያጋንናሉ» ማለት ለምደው ነበር። እርዳታው ወደ ሠራዊቱ ይሄዳል የሚል ዘገባ በእንግሊዝ ጋዜጣ ወጥቶ ነበር። መንግሥቱ የሞስኮ ወዳጅ ነው። በመስከረም 1977 ደግሞ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰፊው እያከበረ ነበር። እና ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ የሚናገረው አፍ አልታመነም። ልመናን በግማሽ መቀነስም አመኔታ አላመጣም፤ እንዲያውም «የቱ ነው ትክክለኛው?» የሚል ጥያቄ ጨመረ። ካሜራው ያደረገው ነገር ለቁጥሩ ሌላ ምስክር መሆን ነው። ምስሉ ከቁጥር ስለሚበልጥ አልነበረም፤ ቁጥሩ ምስክር ስላልነበረው ነው።

ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ የወሎ ገበሬ ወረቀትም ካሜራም አልነበረውም። መንገድ ግን ነበረው። በ1965ቱ ረሃብ ሰዉ ከየመንደሩ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። 1,500 ያህል ገበሬዎች ችግራቸውን ለመናገር በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ተነስተው ፖሊስ መልሷቸዋል። ካራቆሬ ያለችው ደሴን ከአዲስ አበባ በሚያገናኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እኔ ይህን መንገድ ሳስብ አንድ ረጅም ማመልከቻ ይታየኛል፤ ተቀባይ ያጣ ማመልከቻ። ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው በጥቅምት 1966 ነው፤ ኮሚሽኑ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

ካራቆሬ ግን ከዚህም የቆየ ሌላ ታሪክ አላት። ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። መንቀጥቀጡ በአንድ ቀን አላበቃም፤ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ እየተመላለሰ ቀጠለ። ማጀቴ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች፤ 5,000 ነዋሪዎቿ ቤት አልባ ሆኑ። ካራቆሬ ውስጥ ከነበሩት ቤቶች 45 በመቶው ወደቁ። ከካራቆሬ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህሉ በመሬት መሰንጠቅና በናዳ ተጎዳ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን መዝግበው ስላቆዩት ነው። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሰበሰበው መጽሐፋቸው በ1979 እ.ኤ.አ. ታተመ። አሳታሚው ደግሞ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው፤ ማለትም ራሱ መጽሐፉ የለጋሽ ገንዘብ ፍሬ ነው።

ልብ በሉ፤ «በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል» አይልም፣ 45 በመቶ ይላል። «መንገዱ ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል» አይልም፣ 17 ኪሎ ሜትር ይላል። በ2017 የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የካራቆሬ ስም ተመልሶ የተነሳው ለዚህ ነው። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ መከራ ዛሬም ማስረጃ ሆኖ የሚጠራው ማንም አልቅሶ ስለጻፈው አይደለም። የተቆጠረ ስለነበረ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጀርመን ልውሰዳችሁ። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ተዋናዩ ካርልሄንዝ በም በአንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። ተወራረደ፦ «ከተመልካቹ ሦስት አንዱ እንኳ በሳህል ለተራበው ሕዝብ አንድ ማርክ አይሰጥም» አለ። ስዊዘርላንድ ላለው አንድ ፍራንክ፣ ኦስትሪያ ላለው ሰባት ሺሊንግ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሰዉ ያን ያህል አልሰጠም። ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ገባ። በም ገንዘቡን ለሌላ ድርጅት አስረክቦ ወደ ፊልሙ መመለስ ይችል ነበር። ከወራት በኋላ ኢትዮጵያ መጣ፤ በኅዳር 1974 ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ሥራውን በምሥራቅ ሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ጀመረ። በኋላ ድርጅቱ ወደ ሰሜን ሸዋም መጣ፤ ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው።

የውርርዱን አቀራረብ እንደ ፕሮፖዛል ካነበባችሁት ብዙ ነገር አለበት። የተጠየቀው ትንሽና ግልጽ ነው፦ አንድ ማርክ። ጠያቂውን ሰዉ ያውቀዋል። «ሄጄ አየዋለሁ» ሲል መሄዱ ደግሞ በዓይን ታየ። ከኮሚሽኑ የ450 ሺህ ቶን ሰነድ ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ የርኅራኄ አይደለም። ኮሚሽኑ የያዘው መከራ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ወረቀቱ ራሱ እንዴት እንደተለወጠ በአጭሩ ልጥቀስ። ዛሬ ፕሮፖዛል ጸሐፊውን ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳው ሎጅካል ፍሬምወርክ የሚባለው ሰንጠረዥ በ1969 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ዩኤስኤይድ የተዘጋጀ ነው። ገንዘቤ ምን ሠራ ብሎ የጠየቀ ለጋሽ የፈጠረው ነገር ነው፤ አልፈርድበትም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሰንጠረዡ ሥራውን ተክቶት ቁጭ አለ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ መሥራት ተከለከለ። ብዙ ድርጅቶች «መብት» የሚለውን ቃል ከሰነዳቸው አውጥተው «አቅም ግንባታ» የሚል አስገቡ። አዋጁ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል፤ ያኔ የተለመደው ድፍን ቋንቋ ግን አብሮ አልተሻረም። ይህን የምለው አልፎ አልፎ ረቂቅ እንዳቃና ስለሚሰጠኝ ነው።

እና አሁን የት ነን? በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና ካራቆሬ ተቃጠሉ። ሰው ሞተ፣ ቤት ወደመ፣ ነዋሪው ተሰደደ። በ2014 ጦርነቱ ራሱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያ በኋላም ሰላሙ አልጸናም። ጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አቆመ፤ በሰኔ መጨረሻ ዩኤስኤይድ ተዘጋ። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከዩኤስኤይድ ብዙ ገንዘብ ከሚያገኙት ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። የቀሩት ለጋሾች ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱ የሚጽፈው ደግሞ በዝቷል። የአንድ ትንሽ ማኅበር ሰነድ በአንድ ፕሮግራም ኦፊሰር ጠረጴዛ ላይ ከብዙ መሰሎቹ ጋር ተደርድሮ ነው የሚነበበው።

በዚህ ሰዓት «ማኅበረሰቡ በከፍተኛ ችግር ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ አፋጣኝ ድጋፍ ይሻል» ብሎ የሚጀምር ትረካ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ካራቆሬ የሚለውን ስም አውጥታችሁ የሌላ ከተማ ስም ብታስገቡበት አንድ ፊደል አይለወጥም። የ1977 ድምፅ ነው፤ ያውም ያለ ካሜራው።

ካራቆሬ ግን የራሷ ብዙ ነገር አላት። ማሾና ማሽላ የሚያመርት ቆላ አለ፤ ማሾው በስንት ወር ተሰብስቦ በማን በኩል ገበያ እንደሚወጣ ገበሬው ያውቃል። ዋና መንገድ ላይ ናት፤ መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚቆም ነጋዴዋ ታውቃለች። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለቀብር የሚረዳዳበት ቅሬ አለ፤ ወሎና ይፋት የሚያውቁት የአበጋር ሽምግልና አለ። ስለ ሰላም ግንባታ የሚጽፍ ሰው አበጋሩን ትቶ «የግጭት አፈታት ሥልጠና ለባለድርሻ አካላት» ሲል ለጋሹ ምን እያጣ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ኅብረተሰቡ የሚያዋጣው ጉልበትና ገንዘብ ተሰልቶ ቢገባ፣ ትረካው ያልጠቀሰው መኪና በጀቱ ውስጥ ባይገኝ፣ «ይህን አንሠራም፣ አቅማችን አይደለም» የሚል አንድ አንቀጽ ቢኖርበት አንባቢው ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ቆጠራው ነው። በ2013 የተቃጠለው ቤት ስንት ነው? በየትኛው ቀበሌ? ስንቱ ተመልሶ ተሠራ፣ ስንቱ ባለቤት አልተመለሰም? ማን ቆጠረው፣ መቼ? የቀበሌው ቁጥርና የቅሬው መዝገብ ባይስማሙ ሁለቱንም ጽፎ ልዩነቱን ማስረዳት ይሻላል፤ ኦፊሰሩ ደውሎ ሲያጣራ የሚያገኘው ያንኑ ነውና። የቅሬ ጸሐፊዎች አባሎቻቸውን በስም ያውቃሉ። ደብተሩ ተገልጦ በየቤቱ ለመዞር ጥቂት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ይህም የትኛውንም ለጋሽ ፈቃድ አይጠይቅም።