«ቋሚ» ግን ቀኑ የሚያልፍ፦ የግሪን ካርድ አጭር ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ «ዲቪ ደረሰው» ሲባል «ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለ አይመስለንም። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የወለደው ዕጣ ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ እኛ ደግሞ ቃሉን አማርኛ አድርገን ተቀበልነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ዕጣው ብዙ እናውቃለን። ዕጣው ስለሚያስገኘው ካርድ ግን የምናውቀው ትንሽ ነው።

እስቲ ካርዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ርእሱ «ቋሚ ነዋሪ» ይላል። ዝቅ ስትሉ ደግሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ተጽፏል። ለመሆኑ ቋሚ ከሆነ ለምን ጊዜው ያልፋል? ጊዜው የሚያልፍ ከሆነስ ቋሚነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ መልሱን አለማወቅ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ካርዱ ያለፈበት ሰው መብቱም አብሮ የሞተ መስሎት ይሸበራል። ሌላው ደግሞ በካርዱ ላይ ገና ስድስት ዓመት ስለቀረው ተማምኖ አገር ቤት ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ይህን ለመረዳት የካርዱን የዘር ሐረግ መቁጠር ያስፈልጋል።

የፖስታ ቤት ደረሰኝ

በ1940 አውሮፓ በጦርነት እየነደደች ነበር። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገና አልገባችም፤ ፍርሃቱ ግን ቀድሞ ገብቶባታል። «በመካከላችን ያለው የውጭ ሰው ማነው? ለማንስ ይሠራል?» የሚል ጥርጣሬ ነገሠ። በሰኔ ወር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከሠራተኛ ሚኒስቴር ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛወረ። የቢሮ ዝውውር ብቻ እንዳይመስላችሁ! ስደተኛ የሥራና የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጸጥታ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ሰኔ 28 ቀን 1940 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የውጭ ዜጎች ምዝገባ ሕግን ፈረሙ። ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ እንዲመዘገብና አሻራ እንዲሰጥ ታዘዘ። ምዝገባው ነሐሴ ላይ ሲጀመር የተካሄደው የት መሰላችሁ? ፖስታ ቤት! ሰዉ ቅጹን ሞልቶ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቆይቶ ደረሰኙ በፖስታ ይመጣለታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ።

እንግዲህ የግሪን ካርድ ቅድመ አያት ይህ ደረሰኝ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረም። በሕጋዊ መንገድ ለገባውም ላልገባውም እኩል ይሰጥ ነበር። የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «ይህ ሰው ተቆጥሯል።»

ደረሰኙ ወርቅ ሲሆን

ከጦርነቱ በኋላ ምዝገባው ከፖስታ ቤት ወጥቶ የመግቢያ ሥርዓቱ አካል ሆነ። እንግዳ ለብቻው፣ ቋሚ ነዋሪ ለብቻው ልዩ ልዩ ካርድ ይሰጠው ጀመር። የቋሚ ነዋሪው ካርድ አረንጓዴ ነበር። ስሙ የወጣው ከዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1950 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሕግ ሲወጣ ነው። ከ1951 ጀምሮ የድሮ ደረሰኝ የያዘ ሰው በአረንጓዴው መቀየር የሚችለው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን ካስረዳ ብቻ ሆነ። ማስረዳት ያልቻለ ካርዱን ማጣት ብቻ ሳይሆን ክስም ሊጠብቀው ይችል ነበር። በዚያች ቀን ደረሰኙ ወደ መብት ማስረጃነት ተለወጠ። ቀጣሪም፣ ድንበር ጠባቂም «አረንጓዴውን አሳየኝ» ማለት ጀመሩ።

ውድ ነገር ደግሞ ሌባ አያጣም። ሐሰተኛ ካርድ ሲበዛ መሥሪያ ቤቱ መልኩን ደጋግሞ ቀያየረው። በ1964 አረንጓዴነቱ ቀርቶ ሰማያዊ ሆነ፤ በ1977 ደግሞ በማሽን የሚነበብ አዲስ ካርድ መጣ። ቀለሙ ቢሄድም ስሙ አልሄደም። ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ ሳይሆን የባንክ ሕንጻ የሚታይበት ሆኖ ስሙ ሰንጋ ተራ እንደቀረ ማለት ነው። ካርዱ ወደ አረንጓዴነቱ የተመለሰው በ2010 ነው።

ቀኑ መቼ ተጻፈ?

የድሮው ካርድ የማብቂያ ቀን አልነበረውም። የአሥር ዓመት ገደብ የመጣው በ1989 ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ የተነሳው ፎቶ ሽበት ያወጣን ሰው አይመስክርለትም፤ ያረጀ ካርድም ለአስመሳይ ይመቻል።

ቀጥሎ ከ1977ቱ አዲስ ካርድ በፊት የነበረው ባለቀን-የለሽ ካርድ እንዲተካ ታዘዘና ከመጋቢት 20 ቀን 1996 ጀምሮ ዋጋ አጣ። ብዙ ሰው «ከፍዬ ካርድ ከማድስ ለምን አንዴ ከፍዬ ዜጋ አልሆንም?» አለ። በ1994 በካሊፎርኒያ የጸደቀው ጸረ-ስደተኛ ውሳኔና በ1996 ነዋሪዎችን ከመንግሥት ድጎማ ያገለለው ሕግም ገፋፉት። በ1996 የበጀት ዓመት ዜግነት የወሰደው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ፕላስቲኩና መብቱ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ቋሚ» የሚለው ቃል የመብቱ ነው፤ ቀኑ የፕላስቲኩ ነው። ካርዱ ስላለፈበት ብቻ ነዋሪነት አይሻርም። ያ ማለት ግን ችላ ይባል ማለት አይደለም። ዕድሜው 18 የሞላ ነዋሪ ካርዱን ሁልጊዜ ይዞ እንዲዞር ሕግ ያዛል፤ ያለፈበት ካርድ ይዞ ሥራ መቀጠርም ሆነ መብረር ጣጣ ነው። ማብቂያው ስድስት ወር ሲቀረው ቅጽ አይ-90 መሙላት ይቻላል። በሚያዝያ 2024 የወጣው ተመን በኢንተርኔት 415 ዶላር፣ በወረቀት 465 ዶላር ነበር። ማመልከቻው ሲገባ የሚሰጠው ደብዳቤ የድሮውን ካርድ ዕድሜ ያራዝማል፤ በመስከረም 2024 ይህ ጊዜ ወደ 36 ወር ከፍ ብሏል። በጋብቻ የተገኘው የሁለት ዓመት ካርድ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እሱ በዚህ ቅጽ አይታደስም፤ በጊዜው ካልተጠየቀም መብቱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በተቃራኒው፣ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ካርዱ ላይ ስድስት ዓመት ቢቀረውም ቦሌ ላይ የሚያኮራው፣ እዚያ ሲደርስ የሚያሳፍረው ሊሆን ይችላል።

የእኛ ሰው ዜግነት እየቻለ ካርድ ሲያድስ የሚኖርበት ሌላም ምክንያት አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጃችን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ለዚያ ሰው ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ «ቢጫ ካርድ» ተዘጋጅቶለታል። ምርጫው በአረንጓዴና በቢጫ መካከል ነው እንበል? ሰማያዊ ወይም ቡናማ ፓስፖርት መያዝ ሳይሆን፣ ማን ተብሎ መጠራት ነው ጉዳዩ። በየአሥር ዓመቱ የሚከፈለውን ገንዘብ አገሩን ላለመተው የሚከፍለው ስንቱ ነው!

ታሪኩም አልሞተም። በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የ1940ውን የምዝገባ ግዴታ አቧራውን አራግፎ በአዲስ ቅጽ ሥራ ላይ አዋለው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እንደተመዘገበ ስለሚቆጠር ቅጹ አይመለከተውም። ሆኖም ካርዱ ከየት እንደመጣ ያስታውሰናል። የተወለደው ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ስለዚህ ወገን፣ ፕላስቲኩን እንደ መብት አታምልኩት፤ እንደ ተራ ፕላስቲክም አትናቁት። ዛሬ ማታ ቦርሳችሁን ክፈቱና ቀኑን እዩት።

ቸር እንሰንብት!