ዘርዓ ያዕቆብና ኂሩት፦ ፍቅር በማን ስም ይመዘገባል?

ባለፈው ወር ቃሊቲ ባለው ቢሯችን አዲስ የቁጠባ ደብተር ስንከፍት አንዲት እናት «ደብተሩ በባለቤቴ ስም ይሁንልኝ» አሉን። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እሳቸው ናቸው፤ ብሩም የላባቸው ነው። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ስለምወደው ነዋ! በስሜ ካደረግሁት የናቅሁት ይመስለዋል» ብለው መለሱልን። እኛ በሂሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ገንዘብ መደመር እንጂ ፍቅር መመርመር አልተማርንም። ጥያቄው ግን ስላልለቀቀን ታሪክ አገላበጥን።

ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ እንደተወለደ «ሐተታ» በተባለው መጽሐፍ ተጽፏል። ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ በአክሱም መምህር ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን በተቀበሉበት ዘመን ከንጉሡ ጋር ስላጣሉት ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ ሸሸ። ተከዜ አቅራቢያ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ። በዚያ ዋሻ ጌታም ሎሌም አልነበረም። ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው የሚለው ሐሳቡ የበሰለው በዚህ ኑሮ ነው።

ንጉሡ ካረፉ በኋላ እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ በሚባሉ ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈና ልጆቻቸውን እያስተማረ ተቀመጠ። በዚያው ቤት ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም ባትባልም ደግ፣ አስተዋይና ታጋሽ እንደነበረች ይናገራል። ሊያገባት ሲጠይቅ ጌታዋ ከእንግዲህ የአንተ አገልጋይ ትሁን አሉት። እሱ ግን ባልና ሚስት እኩል ስለሆኑ አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ትሁን ብሎ መለሰ። እሷንም ፈቃዷን ጠየቃት።

መጽሐፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጻፈው የሚሉ ምሁራን አሉ። ክሎድ ሰምነርን የመሰሉት ደግሞ የራሱ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እኛን የያዘን ግን የታሪኩ ቁም ነገር ነው። ይህ ሰው በባለ ሥልጣን ቁጣ ተሰድዷል፤ በሰው ቤትም በእጁ ሥራ እንጀራ በልቷል። በሌላ ሰው ፈቃድ ማደር ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ጌታና አገልጋይ ያለበትን ነገር ፍቅር ብሎ ለመጥራት አልፈቀደም። የተማረው ትምህርት ብቻውን እዚህ ያደረሰው አይመስለንም፤ ኑሮው ጭምር እንጂ።

አገራችን ይህን በሕግ እስክታጸና ብዙ ዘመን አለፈ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። ተጋቢዎች በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው የደነገገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው።

ለእኚያ እናት ይህንኑ አጫወትናቸው። በቅጹ ላይ «የቆጣቢ ስም» እና «የወራሽ ስም» የሚሉ ሁለት መስመሮች እንዳሉም አሳየናቸው። ባለቤታቸውን መውደዳቸውን ሁለተኛው መስመር ይመሰክርላቸዋል፤ ፊተኛው ግን የላባቸው ነው። «ተማክሬ እመጣለሁ» ብለው ቅጹን ይዘው ሄዱ። እስካሁን አልተመለሱም። በመዝገባችን ላይ ቦታቸውን ክፍት አድርገን እየጠበቅናቸው ነው።