መዝገብ ከመረከቡ በፊት ስለሚደረግ ፈተና

ታላላቅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን፣ የደንበኞቻቸውን ስም፣ የዕዳቸውንና የብድራቸውን ዝርዝር የሚያኖሩበት የመረጃ ቋት ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚያድረው ባለቤቱ በዓይኑ ዐይቶት በማያውቀው፣ ክላውድ በሚባለው የኪራይ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የብራና መጽሐፍ ተጽፎ ሲያበቃ ሊቃውንቱ ከዋናው ቅጂ ጋር እያስተያዩ ሳያርሙት ወደ ዕቃ ቤት እንዲገባ እንደማይወዱ ሁሉ፣ የዚህ ሙያ ሰዎችም ሰርቨሩን አቁመው፣ መርምረውና አስጨንቀው ሳያዩት መዝገቡን አያስረክቡትም። ይህ ልማድ ከክላውድ ጋር የተወለደ ሳይሆን ከእርሱ በብዙ ዘመን የሚቀድም፣ በክርክርና በጥፋት የተገዛ ትውፊት ስለሆነ፣ አመጣጡን ማወቅ ለሙያው ባለቤቶች ተገቢ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንቶቹ የመረጃ ቋቶች አንዱ የሆነው የአይቢኤም አይኤምኤስ፣ የአፖሎን የጨረቃ ጉዞ ዕቃዎች መዝግቦ ለመያዝ ታስቦ በ1968 በካሊፎርኒያ ዳውኒ ከተማ ሥራ ጀመረ። በ1970 የአይቢኤሙ ሊቅ ኤድጋር ኮድ መረጃ በሠንጠረዥ መልክ ይቀመጥ ዘንድ የሚያስተምረውን ድርሳኑን አሳተመ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥም ይህ ትምህርት በሳን ሆዜው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ወደ ተግባር ተለወጠ። በዚያ ከደከሙት መካከል ጂም ግሬይ አንዱ ነበር። አንድ ሥራ ወይ በሙሉ ይፈጸም፣ ወይ ከናካቴው እንዳልተጀመረ ይቆጠር፤ አንዴ ከተፈጸመ ደግሞ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑም ቢወድቅ አይፋቅ የሚለውን የትራንዛክሽን ሥርዐት አጥርተው ካስቀመጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት የግሬይ ትልቁ ውለታ ሥርዐቱን መደንገጉ ሳይሆን፣ ሥርዐቱ በእርግጥ መጠበቁ የሚታወቅበትን መለኪያ መስጠቱ ነው። ታንደም በሚባለው ኩባንያ ሳለ፣ በሚያዝያ 1985፣ ከሃያ ከሚበልጡ ባልደረቦቹ ጋር የጻፈው ጽሑፍ ዴታሜሽን በተባለው መጽሔት የጸሐፊዎቹ ስም ሳይገለጥ ወጣ። መለኪያው የተቀዳው ከባንክ መስኮት ነው፦ ደንበኛው ገንዘብ ሲያስገባ ወይም ሲያወጣ የደንበኛው ሒሳብ ይስተካከላል፣ የገንዘብ ከፋዩ ሣጥን ይስተካከላል፣ የቅርንጫፉ ድምር ይስተካከላል፣ በመጨረሻም የሆነውን የሚያስታውስ አንድ መስመር በታሪክ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከመቶው ዘጠና አምስቱ ሥራ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ የተቈጠረው ፍጥነት ዋጋ የለውም። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሒሳቦቹም ብዛት አብሮ እንዲያድግ ታዘዘ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ትንሿን መዝገብ በማስታወሻ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ፈጣን ነኝ ማለት ለማንም ቀላል ነበርና። ከዚህም በላይ የማሽኑ ዋጋ ከአምስት ዓመት ጥገናው ጋር ተደምሮ ከፍጥነቱ ጎን እንዲቀመጥ ተደረገ።

ሻጮቹ መለኪያውን ወደዱት፤ ነገር ግን የከበዳቸውን ክፍል እየተዉ፣ የባንኩን ተርሚናልና መስመር አስቀርተው፣ በባዶ ሜዳ የሮጡበትን ቁጥር በማስታወቂያ ያወጡ ጀመር። ገዢው የማንን ቁጥር ከማን ጋር እንደሚያመዛዝን አጣ። በነሐሴ 1988 ኦምሪ ሰርሊን የተባለ የገበያ ተንታኝ ስምንት ኩባንያዎችን አሰባስቦ ቲፒሲ የተባለውን የመለኪያ ጉባኤ አቋቋመ፤ በ1989 ቲፒሲ-ኤ፣ በ1992 ደግሞ የጅምላ መጋዘን ትእዛዝን የሚመስለው ቲፒሲ-ሲ ወጡ። በዚህ ሥርዐት ፈተናው በሚካሄድበት ሰዓት ኀይል ይቋረጣል፣ ዲስክ እንዲበላሽ ይደረጋል፣ ከዚያም ማሽኑ ሲነሣ ተፈጸመ የተባለው ትእዛዝ ሁሉ በመዝገቡ መገኘቱ አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ ውጤቱም በገለልተኛ መርማሪ እጅ ይጸድቃል። ግሬይ በጥር 2007 ከሳን ፍራንሲስኮ ብቻውን በጀልባ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ ብዙ ወዳጆቹ የሳተላይት ሥዕል ሳይቀር እየመረመሩ ፈለጉት፣ እርሱም ጀልባውም አልተገኙም።

እርሱ በጠፋበት ወራት ክላውድ ገና ዳዴ ይል ነበር። አማዞን በ2006 ያወጣው የኪራይ ኮምፒውተር ሲዘጋ በውስጡ ያለው ዲስክ አብሮ ይጠፋ ስለነበር ለመዝገብ የሚሆን ቤት አልነበረም፤ ተነጥሎ የሚኖር ዲስክ የመጣው በ2008፣ ተዘጋጅቶ የሚከራይ የመረጃ ቋት ደግሞ በ2009 ነው። በአንድ ብረት ላይ ብዙ ተከራዮች ሲያድሩ የአንዱ ሥራ የሌላውን ፍጥነት ስለሚሻማ፣ የሶፍትዌር ፈቃድም በፕሮሰሰር ቁጥር ስለሚከፈል፣ በ2015 አማዞን ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚለይ ሙሉ ማሽን ማከራየት ጀመረ። ባለሙያው እንዲህ ያለውን ሰርቨር ሲረከብ የዲስኩን ፍጥነት ከውል ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በራሱ ይለካል፤ ሐመርዲቢን በመሰለ መሣሪያ ከቲፒሲ-ሲ የተቀዳውን የመጋዘን ሥራ ጭኖ ለሰዓታት ያስሮጠዋል፤ ዋናውን ሰርቨር ሆን ብሎ ጥሎ ተጠባባቂው ቦታውን መያዙን ያያል፤ ከሁሉ በላይ ግን ባክአፑን ወስዶ በሌላ ባዶ ሰርቨር ላይ ይመልሰዋል። ይህ የመጨረሻው አሰልቺ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው።

መዘለሉ ምን እንደሚያመጣ በጥር 31 ቀን 2017 ታየ። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ መዝገቡን በማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ አኑሮ ሳለ፣ ሌሊቱን በሥራ የደከመ አንድ መሐንዲስ የተጠባባቂውን ሰርቨር መዝገብ የሚያጸዳ መስሎት የዋናውን ደመሰሰ፤ ነቅቶ ትእዛዙን ባቆመበት ቅጽበት ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። የየዕለቱ ባክአፕ ሲፈለግ የሚቀመጥበት ማኅደር ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቋቱ ፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን ባክአፑን የሚያወጣው መሣሪያ ለ9.2 የተሠራ በመሆኑ በየጊዜው ይከሽፍ ኖሯል፤ መክሸፉን የሚናገሩት የኢሜይል መልእክቶችም በተቀባዩ በኩል ተከልክለው ለማንም አልደረሱም። የዲስክ ቅጂው ለመረጃ ቋቱ ሰርቨሮች አልተከፈተም ነበር። የተረፈው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሙከራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ብቻ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ፣ የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ እያሳየ፣ ስሕተቱን በዝርዝር ጽፎ ለዓለም አወጣ፤ ለዚህም ሙያው ባለዕዳው ነው። ቅጂው የተቀመጠበት የሙከራ ሰርቨር በዝግተኛ ዲስክ ላይ የቆመ ስለነበረ ግን መዝገቡን ወደ ስፍራው መመለስ ብቻ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ የዚያን ዲስክ ፍጥነት አስቀድሞ መለካት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር።