የጃማይካ የሴቶች ማዕከል ፋውንዴሽን

በ1978 እ.ኤ.አ. በኪንግስተን የተመሠረተ፣ በእርግዝና ምክንያት ከትምህርት ገበታቸው የተለዩ ልጃገረዶችን የሚያስተምር መንግሥታዊ ተቋም ነው። ነፍሰ ጡሯ ልጅ መደበኛ ትምህርቷን በማዕከሉ ትቀጥላለች፤ የምክር አገልግሎትም ታገኛለች። ከወለደች በኋላ እያጠባች እንድትማር ሕፃኑ በማዕከሉ ማቆያ ይጠበቅላታል። የሥራው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ የሚይዝላት ያጣች እናት የመማር መብት ስላላት ብቻ ከቤት መውጣት አትችልም። ቀጥሎ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። መሳለቂያ እንዳትሆን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትዛወራለች፤ የምትለቀው እሷ እንጂ የሚሳለቁባት አለመሆናቸው ግን ያሳዝናል። የሕፃኑ አባትና የልጅቱ ወላጆችም ይመከራሉ። ቀድሞ ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት መመለሷ በአብዛኛው በርእሰ መምህራን በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ግን ትምህርት ቤቶች እንዲቀበሏት ያዛል።