ቀለም መርጫውና የጉሮሮ ሐኪሙ

ሽንፋ ላይ የላሜራ በርና መስኮት መሥሪያ የከፈተ የቀድሞ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ቀለም መርጫ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ጻፈልኝ። የታሪክ መምህር እንዲህ ይጠየቃል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን መልሱ ታሪክ ውስጥ ነው።

አሜሪካ፣ ቶሌዶ ከተማ፣ አለን ዴቪልቢስ የሚባል የጉሮሮ ሐኪም ነበር። መድኃኒትን በጥጥ እየነከሩ ጉሮሮ መቀባቱ አላረካው ሲል፣ የጎማ ኳስ ሲጨመቅ መድኃኒቱን እንደ ጉም የሚበትን ዕቃ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ኩባንያ አቋቋመ። ልጁ ቶማስ ደግሞ በ1907 ያንኑ ሐሳብ ወደ ቀለም አዞረው። በ1920ዎቹ ቶሎ የሚደርቅ የመኪና ቀለም ሲመጣ፣ በብሩሽ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ቅብ በመርጫ በጣም አጠረ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዕቃው አባት የተሠራው ጉሮሮ እንዲገባ ነው! ጠብታው በደቀቀ ቁጥር ላሜራው መስታወት ይመስላል። ያው የደቀቀው ጠብታ ሳንባም ይገባል።

የኛ ቆላ ሌላም ርጭት ያውቃል። ወባ ማጥፊያ እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን ስንት ቤት ዲዲቲ ተረጨ! እዚያ ጠብታው ሆን ተብሎ ጎላ ይደረጋል፤ አየር ላይ ሳይንሳፈፍ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ ነው። የሰሊጥና የጥጥ ኬሚካል ፓምፕ ለበር ቀለም የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ ይዝረከረካል። ውስጡ የቀረው መርዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ጣሳው ከታች የሆነው የድሮው መርጫ በከፍተኛ ግፊት ስለሚሠራ፣ ከቀለሙ ከግማሽ በላዩን አየር ላይ ይበትነዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢያንስ 65 በመቶው ዕቃው ላይ ይረፍ የሚል ደንብ ሲወጣ ነው በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራው ዓይነት የተስፋፋው፤ አፈሙዙ ላይ ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ አይበልጥም። ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ አየር ይጠጣል። ትንሽ ኮምፕሬሰር አይችለውም።

ስለዚህ ጣሳው ከላይ የሆነውን፣ ቀዳዳው 1.4 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነውን ፈልግ፤ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚፈልግ ከኮምፕሬሰርህ ጋር ሳታስተያይ ብር እንዳትከፍል አልኩት። በሽንፋ ቀትር ጠብታው ላሜራው ጋ ሳይደርስ ይደርቅና ፊቱ አሸዋ ይሆናል፤ ማለዳ፣ ደጅ ላይ ርጭ። አፍን በሻሽ መጠቅለል የቲነሩን ትነት አያስቀርም፤ ባለ ከሰል ማጣሪያ ማስክ ያስፈልጋል።

"ማስኩ ከየት ይገኛል?" አለኝ። ገንዳ ውሃና ጎንደር ያላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ ንገሩት።