ዊሊያም ሼክስፒር

ዊሊያም ሼክስፒር (እ.ኤ.አ. 1564–1616) በቀዳማዊት ኤልሳቤጥና በቀዳማዊ ጄምስ ዘመነ መንግሥት የኖረ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት፣ ገጣሚና ተዋናይ ነው። የተወለደው በስትራትፎርድ ከተማ ሲሆን አባቱ ጓንት ሠሪ ነበር። በ18 ዓመቱ አን ሃታዌይን አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል። በለንደን ከ1594 ጀምሮ የአንድ የቴአትር ቡድን ተዋናይ፣ ደራሲና ባለድርሻ ሆነ። ቡድኑ በ1599 ግሎብ የተባለውን ቴአትር ቤት አሠራ፤ በ1613 «ሄንሪ ስምንተኛ» ሲታይ ለትዕይንቱ የተተኮሰ መድፍ የሣር ክዳኑን አቀጣጥሎ ሕንፃውን አወደመው።

ሼክስፒር ወደ 37 ተውኔቶችና 154 ሶኔቶች ጽፏል። ኃይሉ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው በ«ሐምሌት»፣ በ«ኦቴሎ»፣ በ«ንጉሥ ሊር»ና በ«ማክቤዝ» ነው፤ ባለታሪኮቹን የሚጥላቸው ክፉ ዕጣ ብቻ ሳይሆን የገዛ ቅናታቸው፣ የሥልጣን ጥማታቸውና ማመንታታቸው ነው። በ1623 ሁለት የቡድኑ ባልደረቦች 36 ተውኔቶቹን በአንድ መድበል ባያሳትሙ ኖሮ፣ ቀድሞ ያልታተመውን «ማክቤዝ»ን ጨምሮ ግማሽ ያህሉ ጠፍቶ ሊቀር ይችል ነበር። «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ የመለሱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው።